የአማቱ እጅ

የባንዱ ሰዎች «ሳንባው» ይሉታል። በከተማው ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋል፤ ሌላው ሁለቴ ሦስቴ ትንፋሽ የሚሰበስብበትን ዜማ እሱ በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። ሚስቱ ግን በሌላ በኩል ነበር የምታውቀው። ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርም። ገና በር ሲከፍት፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ የዋለበትን ሁሉ ይዘረግፈዋል። «ጥሩንባ ነፊ አግብቼ ምስጢር ከየት ላምጣ» እያለች ትስቅበታለች። እሷ መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት ትቆርጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስትከራከር ስለምትውል ቤት ስትገባ ማውራቱን ለእሱ ትተውለታለች።

ሳንባው ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለበት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚሉት ነገር አለ፤ ለሌላው ሰው ምግብ ነው፣ ለእሱ ግን አንጀቱን የሚያቆስል መርዝ ነው። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ አለመብላት ነው። ይህን ያወቀው አንድ ቀን ልምምድ ላይ ዓይኑ ጨልሞ ከነትራምፔቱ ከወንበሩ ከተንከባለለ በኋላ ነው። ደሙ አንሶ፣ ሱሪው በቀበቶ ብቻ የቆመ ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ብስኩቱ ከቤት ወጣ። ሳንባው ጽሑፍ አንባቢ ሆነ። አንድ ቆርቆሮ ቲማቲም ዞር አድርጎ ሳያነብ አይገዛም፤ ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ጋዜጣ ከፈለግህ ማዶ ነው የሚሸጠው» እስኪለው ድረስ። ግን ዋጋ ነበረው። ቀስ በቀስ ጉንጩ ሞላ፤ ትንፋሹም ተመለሰለት።

አማቱ አብረዋቸው መኖር የጀመሩት እሱ እንዲህ ባገገመ ሰሞን ነው። ባላቸው ሞተው ባዶ ቤት ውስጥ መዋል ከብዷቸው ስለነበር ልጃቸው ሄዳ አመጣቻቸው። አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳቦ የጋገሩ ሴት ናቸው። በሰፈራቸው ድግስ ያለበት ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነበር፤ «እጃቸው የተባረከ ነው» ይባልላቸዋል። እንዲህ ያለ እጅ ዱቄት ወደማይገባበት ቤት መጣ።

በመጡ በማግሥቱ ሳንባው ማድቤት ውስጥ አቁሞ ትምህርት ሰጣቸው። ይሄ ማንኪያ የእኔ፣ ይሄ ስፖንጅ የእኔ፣ ይሄ መጥበሻ ሌላ ነገር አይነካውም። አማቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ተማሪ ሰሙ። አንድ ፍርፋሪም ብትሆን ትጎዳው እንደሆነ ጠየቁት። አንድ ፍርፋሪም ብትሆን አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም በዚያ ቤት ውስጥ ዳቦ መቅመስ ተዉ። ልጃቸው «አንቺን ምን አገባሽ፣ ብዪ እንጂ» ብትላቸውም አልሰሟትም። ሲያምራቸው ሱቅ ወርደው አንድ ዳቦ ይገዙና የፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ጭናቸው ላይ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ሲጨርሱ ጨርቁን በደረጃው መስኮት ያራግፋሉ፣ ቤት ሲገቡ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ነው። ከላይ ፎቅ የሚኖረው ጎረቤት ባገኛቸው ቁጥር «እማማ፣ ዛሬም ሊያጨሱ ወጡ?» ይላቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ።

በዚያው ሰሞን ባንዱ አዲስ መሪ መጣለት። አዲሱ መሪ ሳንባውን ወደደው፤ መወደድ ደግሞ ያደክማል። ብቻውን የሚነፋቸው ረጃጅም ዜማዎች በዙ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ደማ። ስለዚህ ከኮስሞቲክስ ሱቅ አንዲት ክብ ቆርቆሮ የከንፈር ቅባት ገዛ። ሽፋኗ ላይ አበባ ተስሎባታል፤ ቅባቷ ወፈር ያለች፣ ትንሽ ጣፈጥ የምትል ናት። ከንፈሩ በሁለት ቀን ለሰለሰ። ከዚያ በኋላ ከኪሱ አልለያትም። ከመንፋቱ በፊት ይቀባል፣ ሲያርፍ ይቀባል፣ መንገድ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ ይቀባል። ስታልቅ ሌላ ይገዛል።

ብዙም ሳይቆይ የሆዱ ሕመም ተመለሰበት። መጀመሪያ መነፋት፣ ቀጥሎ ተቅማጥ፣ ቀጥሎ የአፉ ውስጥ ቁስል፣ ቀጥሎ ያ የድሮ ድካም። በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ዜማ መሃል ላይ ይሰበርበት ጀመር። ባንድ መሪው አንድ ሁለቴ ዝም ብሎ አለፈው፤ በሦስተኛው ዜማውን ለሌላ ሰው ሰጠ። ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን አስመረመረ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ግሉተን ከአንድ ቦታ እየገባ መሆኑን ነገረው፤ ከየት እንደሆነ ግን ማወቅ የሚችለው እሱ ራሱ ነው።

ሳንባው ቆጠረ። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ሚስቱ ያቺው ሚስቱ ናት፣ ዕቃው ያው ዕቃ ነው። አዲስ የገባ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አማቱ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሱ ጠረጠረ። ሳይነግር ከሥራ ቀደም ብሎ ይመጣ ጀመር። ድስት ከፍቶ ያሸታል፣ የስፖንጁን ቦታ አይቶ ሄዶ ተመልሶ ያያል። አማቱ ይህን ሲያደርግ አይተውት የበለጠ ተጠነቀቁ፤ ሰሐን ሁለቴ ማጠብ ጀመሩ። እሱ ግን ጥንቃቄያቸውን የጥፋተኛ ሰው መቅበጥበጥ አድርጎ ወሰደው። አንድ ቀን ከደረጃው ሲገቡ በሹራባቸው እጅጌ ላይ የተንጠለጠለች የዳቦ ፍርፋሪ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ሆዱ ውስጥ አሳደረ፤ አሳድሮም አሻገተው።

የባንዱ መሪና ሚስቱ እራት የተጠሩ ዕለት ነገሩ ፈነዳ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው የሳንባው ሚስት ወንድምም ከባለቤቱ ጋር መጥቶ ነበር። አማቱ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ማድቤት ውለው ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንችና ሰላጣ አቀረቡ። እንግዶቹ አመሰገኑ፤ የባንድ መሪው ሚስት ዶሮው በምን እንደተለወሰ እየጠየቀች ሁለቴ ጨመረች። ሳንባው ጥቂት እንደጎረሰ ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ። ሲመለስ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። አማቱ የእሱን የብቻውን ማንኪያ ይዘው ጠበቁት።

«ልጄ፣ ምንም አልበላህም እኮ። ትንሽ ልጨምርልህ» አሉት።

«ይብቃዎት፣ እማማ» አለ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ሁሉም የሰማው። «እርስዎ ከመጡ ወዲህ ጤና የለኝም። ደረጃ ላይ ዳቦ በበሉበት እጅ እየነካኩ የሚሰጡኝ ነው የሚያሳምመኝ። ልጅዎ እንዳይቀየሟት ፈርታ ዝም አለች እንጂ ሁላችንም እናውቃለን።»

የመጨረሻው ነገር ውሸት ነበር። ሚስቱ አንድም ቀን እንዲህ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የባንድ መሪው ሰሐኑን አየ። የመሪው ሚስት የያዘችውን የዶሮ ቁራጭ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከወንበሩ ብድግ ሲል እናቱ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አዙረው አዩት፤ ጥፍሮቻቸውን አንድ በአንድ፣ አንድ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

«እውነትህን ይሆናል» አሉ። «እኔ የታጠብኩ መስሎኝ ነበር።»

ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡ፣ ቢያለቅሱ፣ «ጡር ፍራ» ቢሉት ሳንባው መልስ አዘጋጅቶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ልብሳቸውን ሸከፉና ወደ ወንድ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ሚስቱ ሻንጣውን እስከ ታች ተሸክማ ወርዳ ስትመለስ «እኔ መቼ ነው ያወቅኩት?» አለችው፤ መልስ ሳትጠብቅም ወደ ሥራዋ ወጣች።

ከዚያ የባንዱ የዓመት እረፍት ደረሰ። ትራምፔቷ ሳጥኗ ውስጥ ገባች፤ የከንፈር ቅባቷም በባንዱ የደንብ ልብስ ኪስ ውስጥ ሆና ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረች። ሳንባው ቤት ዋለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሆዱ ጸጥ አለ፣ የአፉ ቁስል ጠገገ፣ ደረጃውን ሳያርፍ መውጣት ጀመረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይኖራል? ሚስቱን በቃል አልወቀሳትም፤ ግን በደህና በዋለ ቁጥር «ዛሬም ደህና ነኝ» ማለቱን አልተወም።

አማቱ በየሳምንቱ ስልክ ይደውላሉ። ከሰላምታ በኋላ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ተሻለው ወይ? ልጃቸው ተሽሎታል ስትላቸው «ተመስገን» ይላሉ። ሳንባው አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። «ተመስገን» የሚሉት ከልባቸው ነበር፤ በእሳቸው መሄድ እሱ ስለዳነ። ያኔ ይህ አልከበደውም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ እንደተፈረደለት ያወቀው በዚህ ነበር።

እረፍቱ አልቆ ባንዱ ሥራ ሲጀምር በሽታውም ሥራ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ የሚላከክበት ሰው አልነበረም። የባንዱን ሻይ ቤት ጠረጠረ፤ ከዚያ መሄድ ተወ፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ሚስቱ ድንች ስትልጥ በር ላይ ቆሞ ሲያያት ያዘችው። ቢላውን አስቀምጣ «አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው?» አለችው። አፍሮ ከበሩ ዞር አለ። በሳምንቱ ወደ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሄደ።

ባለሙያዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል፣ ቀስ ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። ምግቡን አንድ ባንድ አስወራችው፤ ስህተት አላገኘችበትም። ከዚያ ከምግብ ሌላ ወደ አፉ የሚገባ ነገር እንዳለ ጠየቀችው።

«ትራምፔት» አላት።

ሳቀች። ግን ጥያቄውን አልተወችውም። የጥርስ ሳሙናው ምን ዓይነት ነው? ጉሮሮ መጉመጥመጫ ይጠቀማል? የእጅ ቅባትስ ተቀብቶ በዚያው እጁ ይበላል? ሳንባው ቅባት በቆዳ በኩል ይገባ እንደሆነ ጠየቃት። አይገባም አለችው፤ ሻምፑውም የገላ ቅባቱም ቆዳ ላይ እስከቀሩ ድረስ ለእሱ በሽታ ግድ የላቸውም፤ ችግሩ አፍ ጋ የሚደርሰው ነው። ይህን እየተናገረች ሳለ እሱ፣ ከልማድ የተነሣ፣ ሳያስበው ቆርቆሮዋን ከኪሱ አውጥቶ ጣቱን ነክሮ ከንፈሩን ይቀባ ነበር።

ባለሙያዋ እጇን ዘረጋች። ቆርቆሮዋን ገልብጣ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ከሥር፣ ደቃቅ በሆነ ጽሑፍ፣ «ትሪቲኩም ቩልጋሬ» ይላል። ሳንባው አላወቀውም። በላቲን ስንዴ ማለት ነው አለችው፤ ቅባቱን ለማወፈር የስንዴ ፕሮቲን ገብቶበታል። አንድ ሁለቴ ለሚቀባ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀባ ስትጠይቀው ግን መቁጠር አልቻለም። ትቶት እንዲያይና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደሙን እንዲመረምር ነገረችው፤ እርግጠኛ የሚሆኑት ያኔ ነው።

ሳንባው ግን ለማመን ደም መመርመር አላስፈለገውም። ወደ ቤት ሲሄድ በአውቶቡሱ መስኮት ተደግፎ ያቺን ፍርፋሪ አሰበ። እጅጌ ላይ የነበረች ፍርፋሪ፤ እጅጌ ላይ የቀረች። የቲማቲም ቆርቆሮ ዞር አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቆርቆሮ አላነበበም። አማቱ ሰሐን ሁለቴ ሲያጥቡ እሱ ከንፈሩን እየላሰ ያያቸው ነበር።

ከአውቶቡሱ እንደወረደ ቆርቆሮዋን ፌርማታው ላይ ባለው የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣላት። ቤት ሲገባ ሚስቱ ባለሙያዋ ምን እንዳለች ጠየቀችው። ኮቱን አወለቀ፣ ሰቀለ፣ ሰብሰብ አድርጎ አስተካከለ። ከዚያ የባንዱ ሻይ ቤት ማንኪያ ሳይሆን አይቀርም አላት። ጥሩንባ ነፊው ምስጢር አገኘ።

በሚቀጥለው ቀን እነግራታለሁ ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ቀን እሷ በሥራ ተናድዳ መጣች። ከዚያ ደግሞ የደም ምርመራውን ልጠብቅ አለ፤ ምናልባት ቅባቱ ላይሆን ይችላል፤ ሰውን በከንቱ ማነካካት ምን ያደርጋል? ምርመራው ሲመጣ ቁጥሩ ወርዶ ነበር፤ ባለሙያዋ እንኳን ደስ ያለዎት አለችው። ያን ቀንም ዝም አለ። ዝምታ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይነፋል። መጀመሪያ መናገር ያለበት ስለ አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ስለ ዝምታውም ጭምር ሆነ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያወጣ ትንፋሽ አልነበረውም። ጤናው ግን ተመለሰ። ረጅሙን ዜማ መልሰው ሰጡት፤ በአንድ ትንፋሽ ተወጣው፤ ሰው አጨበጨበ። አማቱም ደወሉ። ተሻለው ወይ? ተሽሎታል። ተመስገን። አሁን ሳንባው ስልኩ ሲጮህ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይገባል።

ብርዱ ገብቶ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሚስቱ ወንድሟ ቤት ውላ መጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እናቷ እዚያ ቤት አንድም ነገር እንደማይነኩ ነገረችው። ዳቦ መጋገር ትተዋል። የልጅ ልጆቻቸው «አያቴ፣ አጉርሺኝ» ሲሏቸው «እናትሽ ታጉርስሽ፣ የኔ እጅ አይታመንም» ይሏቸዋል። እጃቸውን በበረኪና ይታጠባሉ። የወንድሟ ሚስት በረኪናውን ብትደብቅባቸው ሱቅ ወርደው ሌላ ገዙ። ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀው ደም ያወጣሉ። የታመመ በሌለበት ቤት፣ ከልጆቹ አንዱ ቢታመም በእኔ ነው የሚሆነው ብለው ፈርተው ነው።

«እጇን ያዝኩት» አለችው። «ቅርፊት ነው የመሰለኝ።»

ሳንባው ውሃ ሊጠጣ ተነሣ። ብርጭቆውን ሞልቶ ሳይጠጣው ቧንቧው አጠገብ ቆመ። ያን ምሽት ሊነግራት አፉን ሁለቴ ከፈተ፤ ሁለቴም ስለ ሌላ ነገር አወራ። የሚናገረው ካለ መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እሳቸው ናቸው ብሎ ራሱን አሳመነ። ይህም ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ፍርሃት ነበር።

በማግሥቱ ልምምድ ቀርቶ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቤት ሄደ። አማቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ነው። ሲያዩት ሊነሡ ሞከሩ፤ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸውና ትንሽ የልጆች በርጩማ ስቦ ፊታቸው ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። መክሳቱን መወፈሩን አስተውለው «ደህና ሆነሃል፣ ፊትህ ጠርቷል» አሉት። የወንድማቸው ልጅ ሆነ፣ ጎረቤት ሆነ፣ ማንም ሲድን ደስ እንደሚላቸው ዓይነት ደስ ብሏቸው ነበር።

«እማማ፣ የእርስዎ እጅ አልነበረም» አላቸው።

አልገባቸውም። እንደገና ጀመረ። ስለ ከንፈሩ መሰንጠቅ፣ ስለ ቆርቆሮዋ፣ ከሥሯ በባዕድ ቋንቋ ስለተጻፈው ስንዴ፣ ከንፈሩን በላሰ ቁጥር ይውጠው እንደነበር። ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ ቀብቼ አላቸው። አማቱ በጥሞና ሰሙ፤ ያኔ ማድቤት ውስጥ ስለ ማንኪያና ስፖንጅ ሲያስተምራቸው እንደሰሙት።

«የከንፈር ቅባት» አሉ።

«የከንፈር ቅባት።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ሚስቱ የነገረችው ልክ ነበር፤ ከዚያም የባሰ ነበር። ሳንባው ወለሉን አየ። ማድቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሚስት ዕቃ ታጥብ ነበር፤ ቧንቧው ተዘጋ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉት።

ለዚህ ጥያቄ አውቶቡስ ውስጥ መልስ አዘጋጅቶ ነበር። «ሰሞኑን» ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ያ የተሰነጣጠቀ እጅ ፊቱ ተዘርግቶ አልወጣለትም።

«ብርዱ ሳይጀምር» አለ።

አማቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጪ ሰው ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

«ያኔ እራት ላይ ያልከኝ አሞህ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የታመመ ሰው ያገኘውን ይላል፤ አልቀየምኩህም። እኔም አምኜሃለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አላመመህም፣ ልጄ። ደህና ሆነህ ነው ዝም ያልከው።»

ሳንባው ይቅርታ አላቸው፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ትንሽ ሆኖ ተሰማው፣ ለራሱም ጆሮ የማይበቃ። እግራቸውን ሊይዝ ጎንበስ ሲል «ተው፣ ተው» ብለው አነሡት። አላለቀሱም። ደክሟቸው እንደሆነ ነገሩትና ሊጋደሙ ገቡ።

ለሚስቱ ያንኑ ዕለት ሥራ ስትወጣ መናኸሪያው በር ላይ ጠብቆ ነገራት። መንገድ ላይ፣ ሰው እየገፋቸው። እንድትጮህበት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ሰማች።

«እኔም እኮ አምኜህ ነበር» አለች። «እናቴን ሳቅፋት እንኳ እጇን ነበር የማየው።»

ከዚያ ከእሱ ጋር ወደ ቤት የሚሄደውን ትታ ወደ ወንድሟ ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ያን ሳምንትም አልተመለሰችም። ስትመለስ ስለ ጉዳዩ አላነሣችም። «ጥሩንባ ነፊ አግብቼ» የሚለው ቀልድ ግን ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ አልተሰማም።

በሰው ፊት ያዋረደውን በነዚያው ሰዎች ፊት ልመልስ ብሎ ሳንባው ባንድ መሪውን ልምምድ ሲያልቅ ለብቻው ጠራው። ሁሉንም ነገረው። ባንድ መሪው የኖታ መደርደሪያውን እያጣጠፈ ሰማና «ለዚህ ነው እንዲህ የተጨነቅኸው? እኛማ ረስተነዋል» አለው። ትከሻውን ቸብ አድርጎት ሄደ። ሳንባው ቀለል ሊለው ይገባ ነበር፤ ባሰበት። በዚያ ማዕድ ላይ የአንድ ሰው ስም ሲገደል ምስክሩ እንኳ አላስታወሰውም። የባንድ መሪው ሚስት ግን አልረሳችም ነበር። ቤቷ ሄዶ ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷ ነገሩን ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታዋለች፤ አሮጊት ማድቤት ስታስገቡ ተጠንቀቁ እያለች። ስንቱ ጋ እንደደረሰ አታውቅም። «ለሁሉም እነግራቸዋለሁ» አለችው። ትንገር አትንገር እሱ አላወቀም፤ ደግሞ ሄዶ መጠየቅ አፈረ።

አማቱ ተመልሰው አልመጡም። ልጃቸው ብትለምናቸው የልጅ ልጆቻቸውን ለምደው እንደሆነ ነገሯት። በረኪናውን ግን ተዉ። እጃቸው ቀስ በቀስ ዳነ፤ ሞቃታማው ወራት ሲገባ እንደገና ሊጥ አቡክተው መጋገር ጀመሩ። የልጅ ልጆቻቸው ትኩሱን ዳቦ ይዘው ደረጃ ለደረጃ ይሯሯጣሉ አሉ። ሳንባው ይህን የሰማው ከሚስቱ ነው፤ እሱ በሚሄድበት ቀን በዚያ ቤት ዱቄት አይነሣም።

በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሑድ ይሄዳል። አማቱ ይቀበሉታል፣ ስለ ባንዱ ይጠይቁታል፣ ስለ ትንፋሹ ይጠይቁታል፤ «እማማ» ሲላቸው «አቤት ልጄ» ይላሉ። ሲቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ይቀርብለታል። አንድ ቀን ሙዝ ነው። አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ ከነቅርፊቱ። አንድ ቀን ማንጎ፣ ከታጠበ ቢላ ጋር። ብዙ ጊዜ ከሄደ በኋላ ነው ያስተዋለው፤ የሚሰጡት ሁሉ ልጣጭ ያለው ነው። እጃቸው የማይደርስበት።

ባለፈው እሑድ የቀረበለት ብርቱካን ነበር። አማቱ ሰሐኑን ወደ እሱ ገፋ አድርገው ቢላውን አጠገቡ አኖሩ። ሳንባው ብርቱካኑን አነሣና መልሶ ወደ እሳቸው ዘረጋው።

«እርስዎ ይላጡልኝ» አላቸው።

አማቱ አዩት። ተነሥተው ማድቤት ገቡ፤ የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ይሰማል፤ ቆየ። ሲመለሱ እጃቸውን በንጹሕ ፎጣ እያደረቁ ነበር። ተቀመጡ፣ ብርቱካኑን ተቀበሉት፣ ቢላውን አነሡ። የቢላው ጫፍ ልጣጩን ነክቶ ቆመ። ልጆቹ ውጪ ይጫወቱ ነበር፤ አንደኛው ሌላውን ይጠራል።

አማቱ ብርቱካኑን ከነልጣጩ ሰሐኑ ላይ መለሱትና እጃቸውን ፎጣው ውስጥ አስገቡ።

«ሌላ ቀን» አሉት። «ዛሬ አንተው ላጠው።»

ራሱ ልጦ በላው። አማቱ እስኪጨርስ ድረስ አብረውት ተቀመጡ።